ድንጋዩ ለምን ወደቀ? ተማሪውስ?

አማርኛ ለድንጋይና ለተማሪ አንድ ግሥ አለው። ከእጅ ያመለጠ ድንጋይ ይወድቃል፤ ፈተና ያላለፈ ተማሪም ይወድቃል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ሁለተኛው አወዳደቅ ነው። ሰዎች የሌላውን ሰው ድርጊትና ውጤት ባዩ ጊዜ ምክንያቱን ከየት ይፈልጋሉ? ጥያቄው የማኅበራዊ ሥነ ልቡና ጥያቄ ነው። ጸሐፊው ግን የፊዚክስ መምህር በመሆኑ ከድንጋዩ ቢነሣ አንባቢ እንደሚታገሠው ተስፋ ያደርጋል። የተነሣበት ምክንያት ወደ ኋላ ይገለጣል።

የጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ አርስቶትል ድንጋይ ለምን ይወድቃል ለሚለው ጥያቄ የሰጠው መልስ ባጭሩ «ተፈጥሮው ስለሆነ ነው» የሚል ነበር። ድንጋይ ከባድ ነው፤ የከባድ ነገር የተፈጥሮ ስፍራው የዓለም መካከል ነው፤ ስለዚህ ወደዚያው ያመራል። እሳት ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል። በዚህ አስተሳሰብ የእንቅስቃሴው ምክንያት የሚፈለገው በተንቀሳቃሹ አካል ውስጥ ነው። ጋሊሌዮና ኒውተን በ17ኛው ክፍለ ዘመን ያመጡት ትልቅ ለውጥ የስሌት ለውጥ ብቻ አልነበረም፤ ጥያቄውን ራሱን ለወጡት። «ይህ አካል ምን ዓይነት ነገር ነው?» መባሉ ቀርቶ «ይህ አካል በዙሪያው ካሉት አካላት ጋር ምን ግንኙነት አለው?» ተባለ። ያው ድንጋይ በጨረቃ ላይ ቢለቀቅ ፍጥነቱ የሚጨምርበት መጠን በምድር ላይ ከሚኖረው ስድስት እጅ ያህል ያንሳል። ከድንጋዩ ባሕርይ አንዳች አልተለወጠም፤ የተለወጠው ያለበት ስፍራ ነው።

ይህን ታሪክ ወደ ሰው ልጅ ጉዳይ ያዞረው ኩርት ሌዊን የተባለው ጀርመናዊ የሥነ ልቡና ሊቅ ነው። ሌዊን እ.ኤ.አ. በ1931 ባሳተመው ጽሑፍ የዘመኑ ሥነ ልቡና ገና ከአርስቶትል ቤት እንዳልወጣ ተከራከረ። (ከዚህ በኋላ የውጭ አገር ጥናቶች ዓመታት ሁሉ በኤሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።) ልጁ ለምን ይቆጣል? ቁጡ ስለሆነ። ይህ መልስ ምንም አልነገረንም፤ የሆነውን ነገር ስም አውጥቶ እንደ ምክንያት መልሶ ሰጠን እንጂ። በ1936 ደግሞ ሌዊን አሳቡን በአጭር ቀመር አስቀመጠው፦ ድርጊት የሰውየውና የአካባቢው ፈንክሽን ነው። ቀመሩ ሁለቱን በመቶኛ አያከፋፍልም። ከኒውተን ሁለተኛ ሕግ እንደምናውቀው የአንድ አካል የፍጥነት ለውጥ የሚገኘው የተጣራውን ጉልበት ለመጠነ ቁሱ በማካፈል ነው። «ከዚህ የፍጥነት ለውጥ ውስጥ ስንት በመቶው ከጉልበቱ፣ ስንት በመቶው ከመጠነ ቁሱ መጣ?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ሕጉን አልተረዳም ማለት ነው። ሰዎች ስለ ሰው ሲከራከሩ ግን ይህንኑ ጥያቄ ዘወትር እንሰማለን።

ሦስት ቅርጾች በአንድ ሳጥን ዙሪያ

ምክንያትን ከአድራጊው ውስጥ የመፈለግ ዝንባሌያችን ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ካሳዩት ሙከራዎች መካከል ለእኔ እጅግ የሚያስደንቀው በ1944 ፍሪትዝ ሃይደርና ማሪያን ዚመል ያደረጉት ነው። አጭር ተንቀሳቃሽ ሥዕል አዘጋጁ። በሥዕሉ ውስጥ አንድ ትልቅ ሦስት ማዕዘን፣ አንድ ትንሽ ሦስት ማዕዘንና አንድ ትንሽ ክብ፣ በሩ በሚከፈትና በሚዘጋ ባለ አራት ማዕዘን ሳጥን ዙሪያ ይንቀሳቀሳሉ። ሌላ ምንም የለም፤ ፊት የለም፣ ድምፅ የለም። ሥዕሉን ለ34 የኮሌጅ ተማሪዎች አሳይተው «የሆነውን ጻፉ» አሏቸው። የሆነውን በጂኦሜትሪ ቋንቋ ብቻ የጻፈችው አንዲት ተማሪ ነበረች። የቀሩት ሁሉ ሕይወት ያላቸውን ፍጥረታት አዩ፤ አብዛኞቹም ትልቁ ሦስት ማዕዘን ጉልበተኛ፣ ትንሹ ደፋር፣ ክቧ ፈሪ የሆኑበትን ታሪክ ጻፉ። በወረቀት ላይ ለተሣለ ሦስት ማዕዘን ጠባይ ካወጣን፣ ለሥጋ ለባሹ ጎረቤታችን ማውጣታችን ምን ይደንቃል?

በቪየና የተወለደው ሃይደር ይህንን ጉዳይ በ1958 በታተመው መጽሐፉ አስፋፍቶ ጻፈበት። ተራው ሰው የሥነ ልቡና ትምህርት ባይኖረውም ዘወትር ምክንያት ይፈልጋል፤ የሚያገኘውም ምክንያት ወይ ውስጣዊ ነው (ጠባይ፣ ችሎታ፣ ፍላጎት)፣ ወይ ውጫዊ (ሁኔታ፣ ዕድል፣ የሌላ ሰው ግፊት)። ሃይደር እንዳስተዋለው ድርጊቱ ዓይናችንን ስለሚሞላው ከጀርባው ያለውን ሁኔታ ይጋርድብናል።

አማርኛችን ሁለቱንም መንገድ ያውቃል። «አመል ያወጣል ከመሐል» ሲባል፣ ሰውየውን ከመሐል ያወጣው አመሉ እንጂ ሌላ እንዳልሆነ አስቀድሞ ተወስኗል። «ቀን የጣለው» ሲባል ግን ጣዩ ቀን ነው፤ ሰውየው ተጥሏል። አንድ ቋንቋ ለአንዱ ሰው መውደቅ ሁለት የተለያዩ የምክንያት ንድፎችን ይዟል ማለት ነው። የትኛውን መቼ እንደምንመዝ ማስተዋል ነው ቁም ነገሩ። ለዘመዳችን «ቀን ጣለው»፣ ለማንወደው «አመሉ ነው» የምንልበት ጊዜ ጥቂት አይመስለኝም።

ስሕተቱ ስም ያገኘበት መንገድ

በ1967 ኤድዋርድ ጆንስና ቪክቶር ሃሪስ ለአሜሪካ ተማሪዎች ስለ ኩባው መሪ ፊደል ካስትሮ የተጻፉ ጽሑፎችን አስነበቡ። አንዳንዱ ጽሑፍ ካስትሮን ይደግፋል፣ አንዳንዱ ይቃወማል። ለከፊሎቹ አንባቢያን ጸሐፊው አቋሙን በፈቃዱ እንደ መረጠ፣ ለከፊሎቹ ደግሞ አቋሙ በትእዛዝ እንደ ተሰጠው ተነገራቸው። በትእዛዝ የጻፈ ሰው ጽሑፍ ስለ ልቡ ብዙ ሊነግረን እንደማይችል ግልጽ ነው። ነገር ግን ትእዛዙን የሚያውቁት አንባቢያን ጭምር፣ ደጋፊ ጽሑፍ የጻፈው ሰው በልቡም ከሌላው ይልቅ ካስትሮን እንደሚደግፍ ገመቱ።

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1977፣ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ሊ ሮስ ለዚህ ዝንባሌ «መሠረታዊው የምክንያት አሰጣጥ ስሕተት» የሚል ስም አወጣለት። በዚያው ዓመት እርሱና ባልደረቦቹ ያሳተሙትን ሙከራ ተማሪ የሆነ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። ሁለት ሁለት ተማሪዎች ቀርበው በዕጣ አንዱ ጠያቂ፣ ሌላው መላሽ ሆነ። ጠያቂው ከራሱ ዕውቀት 10 ከባድ ጥያቄዎችን እንዲያዘጋጅ ታዘዘ። መላሾቹ በአማካይ 4 ያህሉን ብቻ መለሱ። በመጨረሻ ስለ ጠቅላላ ዕውቀታቸው ሲጠየቁ፣ መላሾቹ ጠያቂዎቻቸው ከእነርሱ እጅግ የሚበልጡ ዐዋቂዎች ናቸው አሉ፤ ዳር ሆነው የተመለከቱትም እንዲሁ ፈረዱ። ዕጣው በተገላቢጦሽ ቢወጣ ኖሮ ዐዋቂውና አላዋቂው ቦታ እንደሚለዋወጡ ያሰበው ጥቂት ነው። መምህር በክፍል ውስጥ ሊቅ የሚመስለው በከፊል ጥያቄውን የሚመርጠው እርሱ ስለሆነ ነው። (ይህን የምጽፈው በየሴሚስተሩ ጥያቄ ከሚያወጡት አንዱ ሆኜ ነው፤ ተማሪዎቼ ቢያነቡት አልከፋም።)

የሁኔታን ጉልበት በቁጥር ያሳየው ሌላው ሙከራ በ1973 የታተመው የጆን ዳርሊና የዳንኤል ባትሰን ነው። የተፈተኑት በፕሪንስተን ለሃይማኖት አገልግሎት ይማሩ የነበሩ 40 የነገረ መለኮት ተማሪዎች ናቸው። እያንዳንዱ አጭር ንግግር እንዲያደርግ ወደ ጎረቤት ሕንፃ ተላከ፤ ለከፊሎቹ የተሰጠው ርዕስ የደጉ ሳምራዊ ምሳሌ ነበር። በመንገዱ ላይ አንድ ሰው በበር ሥር አንገቱን ደፍቶ እያሳለ ተቀምጧል። ሰውየው የሙከራው ተባባሪ ነው፤ ተማሪዎቹ ግን ይህን አያውቁም። ጊዜ ካላቸው ተማሪዎች መካከል 63 በመቶው፣ መጠነኛ ጥድፊያ ካለባቸው 45 በመቶው፣ «ዘግይተሃል፣ ፍጠን» ከተባሉት ግን 10 በመቶው ብቻ ቆመው ረዱት። ስለ ደጉ ሳምራዊ ሊሰብኩ እየሄዱ ሰውየውን ተራምደው ያለፉም ነበሩ። የተፈታኞቹ ቁጥር ትንሽ በመሆኑ አኃዞቹን እንደ ተፈጥሮ ቋሚ ቁጥር መያዝ አይገባም። አቅጣጫቸው ግን ግልጽ ነው። ያለፈውን ሰው አይተን «ልበ ደንዳና» ብንል፣ ከአንድ ደቂቃ በፊት የተነገረውን አንድ ዓረፍተ ነገር ሳንሰማ ፈረድን ማለት ነው።

ሦስት ጥያቄዎች

እስካሁን የተባለው ስሕተቱን ያሳያል እንጂ ትክክለኛውን መንገድ አያሳይም። ሃሮልድ ኬሊ በ1967 ያቀረበው ንድፍ ለሳይንስ ተማሪ እንግዳ አይሆንም፤ በቤተ ሙከራ አንዱን ተለዋዋጭ ይዘን ሌላውን እንደምንለውጠው ያለ ነው። አንዲት ተማሪ የመካኒክስ ፈተና ወደቀች እንበል። መጀመሪያ፣ ሌሎቹ ተማሪዎችስ? ሁለተኛ፣ እርሷ በሌሎቹ ትምህርቶችስ? ሦስተኛ፣ በዚሁ ትምህርት በሌላ ጊዜስ?

ሌሎቹ ካለፉ፣ እርሷ ግን በሌሎች ትምህርቶችም የምትወድቅ ከሆነ፣ ይህም በየጊዜው የሚደጋገም ከሆነ ምክንያቱን ከእርሷ ዘንድ መፈለግ ተገቢ ነው። አብዛኛው ተማሪ ከወደቀ፣ እርሷም በሌሎች ትምህርቶች ደኅና ሆና በመካኒክስ ሁልጊዜ የምትወድቅ ከሆነ ግን መመርመር ያለበት መካኒክሱ ነው፤ መጽሐፉ፣ አሰጣጡ፣ ፈተናው። የወደቀችው በዚያ ቀን ብቻ ከሆነ ደግሞ የዚያን ቀን ሁኔታ እንጠይቃለን። ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ሌሊቱን መብራት የጠፋበት ዶርም ሊሆን ይችላል።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። «ምክንያቱ ከእርሷ ዘንድ ነው» ማለት «አእምሮዋ ደካማ ነው» ማለት አይደለም። በዘጠነኛ ክፍል የሒሳብ መምህር ያልነበረው ትምህርት ቤት ቬክተርን ሳያስተምራት አሳልፏት ይሆናል። ያ ጉድለት ዛሬ በእርሷ ውስጥ አለ፤ የመጣው ግን ከውጭ ነው። ሰው ያለፈባቸውን አካባቢዎች ይዞ ይዞራል፤ ውስጣዊና ውጫዊ የሚለው ክፍፍል የሚደበዝዘውም እዚህ ላይ ነው።

ሰዎች ሦስቱን ጥያቄዎች እኩል አይጠቀሙባቸውም። ሌስሊ ማክአርተር በ1972 ባሳተመችው ጥናት፣ ከሦስቱ ዓይነት መረጃዎች በሰዎች ፍርድ ላይ አነስተኛ ተጽዕኖ ያለው የመጀመሪያው፣ ማለትም «ሌሎቹስ?» የሚለው ሆኖ ተገኘ።

ይህ ጥያቄ በአገራችን ከባድ ዋጋ ያለው መሆኑን የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና አሳይቷል። ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር ግቢ ተሰጠ። ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆነ። በመጀመሪያው ዓመት አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከአንድ ሺህ በላይ ሲሆኑ፣ ያስፈተኗቸውን ሁሉ ያሳለፉ ጥቂት ትምህርት ቤቶችም ነበሩ። ከ100 ተማሪዎች 97ቱ በወደቁበት ፈተና የእያንዳንዱን ወዳቂ ስንፍና በተናጠል መቁጠር፣ ዝናብ የወረደበትን እያንዳንዱን ነጠብጣብ ለምን እንደ ወደቀ እንደ መጠየቅ ነው።

በየቡና ቤቱና በየመገናኛ ብዙኃኑ የተሰማው መልስ ግን «የዘመኑ ትውልድ ሰነፍ ነው» የሚል ነበር። ይህ መልስ ምክንያቱን ከግለሰቡ አውጥቶ ለትውልዱ የሰጠ ይምሰል እንጂ አሁንም አርስቶትላዊ ነው፤ ለአንድ ድንጋይ ይሰጥ የነበረውን ተፈጥሮ ለድንጋዮች ሁሉ ሰጠ። አንድ ትውልድ በአንዱ ትምህርት ቤት ሁሉም ሲያልፍ በሌላው ሁሉም የሚወድቅ ከሆነ «ትውልድ» የሚለው ቃል ልዩነቱን ሊገልጸው አይችልም። ሊመዘኑ የሚገባቸው ሌሎች ምክንያቶች ነበሩ። በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለወራት ተዘግተው ነበር፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ተቀሰቀሰ፤ የፈተናው አሰጣጥም ስለ ተለወጠ የቀደሙት ዓመታት ውጤቶች ምን ያህል በኩረጃ ያበጡ እንደ ነበሩ መጠየቅ ተገቢ ነው። ከእነዚህ የትኛው ምን ያህል እንደ ሠራ የሚታወቀው ትምህርት ቤትን ከትምህርት ቤት፣ ወረዳን ከወረዳ፣ ዓመትን ከዓመት በማነጻጸር ነው እንጂ በቁጣ አይደለም።

ለራሳችንና ለሌላው

ጆንስና ሪቻርድ ኒስቤት በ1971 አንድ ማራኪ አሳብ አቀረቡ፦ የሌላውን ድርጊት በጠባዩ፣ የራሳችንን ግን በሁኔታው እንገልጻለን። ታክሲ ለመሳፈር ሰልፍ ጥሶ ያለፈው ሰው ባለጌ ነው፤ እኔ ስጥስ ግን ፈተና ረፍዶብኝ ነው። አሳቡ ለብዙ ዓመታት በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ እንደ ተረጋገጠ እውነት ሲጠቀስ ኖረ። በ2006 ግን በርትራም ማሌ 173 ጥናቶችን ሰብስቦ በአንድነት ሲመረምር፣ ልዩነቱ በአማካይ ከዜሮ ብዙም የማይርቅ ሆኖ አገኘው። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ነገሩ መጥፎ በሆነ ጊዜ ነበር፤ ለመልካም ነገር ሲሆን እንዲያውም ይገለበጣል። ይኸውም ጥፋታችንን ለሁኔታ፣ ስኬታችንን ለራሳችን እንሰጣለን። አንድ ማራኪ አሳብ በልኬት ፊት ሲቆም እንዲህ ተቆርጦ ልኩን ማግኘቱ የትምህርቱን ጤንነት የሚያሳይ ይመስለኛል።

«መሠረታዊ» የተባለው ስሕተት ራሱስ የሰው ልጅ ሁሉ ነውን? ጆአን ሚለር በ1984 ባሳተመችው ጥናት አሜሪካውያንንና በሕንድ የማይሶር ከተማ የሚኖሩ ሂንዱዎችን አነጻጸረች። የስምንት ዓመት ልጆች በሁለቱም አገር ተመሳሳይ ነበሩ። ዕድሜ ሲጨምር ግን አሜሪካውያኑ ወደ ጠባይ፣ ሂንዱዎቹ ወደ ሁኔታ አዘነበሉ። እንግዲህ ቢያንስ በከፊል ከአካባቢያችን የምንማረው ነው።

የማይክል ሞሪስና የካይፒንግ ፔንግ ጥናት ደግሞ ለፊዚክስ ሰው ይከብዳል። በኅዳር 1991 በአይዋ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ዶክትሬቱን በዚያው ዓመት ያጠናቀቀ ቻይናዊ፣ ለመመረቂያ ጽሑፉ የጠበቀውን ሽልማት በማጣቱ ተቆጥቶ አምስት ሰዎችን ገድሎ ራሱን አጠፋ። በዚያው ወር በሚሺጋን ከሥራ የተባረረ አሜሪካዊ የፖስታ ሠራተኛ ተመሳሳይ ግድያ ፈጸመ። ተመራማሪዎቹ በ1994 ባሳተሙት ጥናት ኒውዮርክ ታይምስ ስለ ሁለቱ የጻፈውን፣ በአሜሪካ በቻይንኛ የሚታተም አንድ ጋዜጣ ከጻፈው ጋር አስተያዩት። የእንግሊዝኛው ጋዜጣ የገዳዮቹን ጠባይና የአእምሮ ሁኔታ አጎላ፤ የቻይንኛው ከአማካሪው ጋር የነበረውን ግንኙነት፣ ብቸኝነቱን፣ መሣሪያ በቀላሉ መገኘቱን ጻፈ። ልዩነቱ ለወገን ከማድላት የመጣ አልነበረም፤ ለቻይናዊውም ለአሜሪካዊውም ገዳይ ሁለቱ ጋዜጦች በየራሳቸው መንገድ ጸንተዋል። ሁኔታን መመርመር ግን ገዳይን ነጻ ማውጣት አይደለም። ተጠያቂው ማን ነው የሚለው የዳኛ ጥያቄ ነው፤ ይህ ዳግመኛ እንዳይሆን ምን ይለወጥ የሚለው ግን የሁለቱንም ወገን ምክንያት ይፈልጋል።

የአማርኛ ጋዜጦች በዚህ ሚዛን ወዴት ያዘነብላሉ? አንድ የተማሪዎች ክበብ የዓመት ጋዜጣ ሰብስቦ ሊቆጥረው የሚችለው ነገር ነው፤ ከወረቀትና ከእርሳስ በቀር መሣሪያ አይጠይቅም።

የፈተና ወረቀት ሲመለስ

ተማሪ ስለ ራሱ የሚሰጠው ምክንያት ወደ ፊት የሚያደርገውን ይወስናል። በርናርድ ዋይነር ከ1971 ጀምሮ ባቀረበው ንድፍ፣ ምክንያቱ ውስጣዊ ነው ወይስ ውጫዊ ከሚለው በተጨማሪ፣ ቋሚ ነው ወይስ ተለዋዋጭ የሚለው መጠየቅ አለበት። «ለፊዚክስ አልተፈጠርኩም» የሚለው ተማሪ ውስጣዊም ቋሚም ምክንያት ሰጠ፤ ይህ ምክንያት እውነት ከሆነ ማጥናት ከንቱ ድካም ነው፣ ስለዚህ አያጠናም፣ ስለዚህ ይወድቃል፣ መውደቁም አባባሉን ያረጋግጥለታል። «የተማርኩበት መንገድ አልሠራም» የሚለውም ውስጣዊ ምክንያት ነው፤ ግን ይለወጣል።

ቲሞቲ ዊልሰንና ፓትሪሺያ ሊንቪል በ1982 ባሳተሙት ጥናት በውጤታቸው ለተጨነቁ አንደኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለከፊሎቹ፣ የብዙ ተማሪ ውጤት በመጀመሪያ ዓመት ዝቅ ብሎ በኋላ እንደሚሻሻል የሚያሳይ መረጃና የቀደሙ ተማሪዎችን ቃል አቀረቡላቸው። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ትምህርታቸውን ያቋረጡት ከእነዚህ 5 በመቶ፣ መረጃው ካልተሰጣቸው 25 በመቶ ነበሩ። ተፈታኞቹ 40 ብቻ በመሆናቸው በጥንቃቄ መጠቀስ አለበት። በ2019 ኔቸር በተባለው መጽሔት የታተመው የዴቪድ ዬገርና የባልደረቦቹ ጥናት ግን ከ12 ሺህ የማያንሱ የአሜሪካ ዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎችን ይዟል። የአእምሮ ችሎታ ሊዳብር እንደሚችል የሚያስተምር፣ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ትምህርት ከተሰጣቸው ተማሪዎች መካከል ዝቅተኛ ውጤት የነበራቸው አማካይ ውጤታቸው ከ4 ነጥብ በ0.1 ያህል ከፍ አለ። ትንሽ ነው፤ ግን እውነተኛ ነው። ይበልጥ የሠራውም የክፍል ጓደኞቻቸው ከባድ ሥራ መሞከርን በሚያበረታቱባቸው ትምህርት ቤቶች ነው። ዘሩ ውስጣዊ ቢሆንም አፈሩ ውጫዊ ነው፤ ሌዊን ይህን ቢያነብ የሚገረም አይመስለኝም።

ለመምህሩም የቤት ሥራ አለ። ከእርማት በኋላ የተማሪዎችን ጠቅላላ ውጤት ብቻ መመዝገብ የተለመደ ነው፤ የወደቀው ማን እንደሆነ ይነግረናል። ስንት ተማሪ የትኛውን ጥያቄ እንደ ሳተ መቁጠር ግን ግማሽ ሰዓት ያህል ቢወስድ ነው። አራተኛውን ጥያቄ ከ60 ተማሪዎች 55ቱ ስተውት ከተገኘ፣ በሌሎቹ ጥያቄዎች ጥሩ የሠሩትም ከሳቱት፣ ሰነፉን ከመፈለግ በፊት አራተኛውን ጥያቄ፣ ከዚያም ያንን ርዕስ የተማሩበትን ሳምንት ማስታወሻ አውጥቶ ማንበብ ያስፈልጋል።